ስለ መስተዋድድ ትምህርት፤ ሕፃናት ቦታንና አቅጣጫን በምን መንገድ ይማራሉ?

የቋንቋ ጕልበት በትልልቁ ቃል ብቻ የሚገኝ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ልጅ ስምንና ግሥን ከተማረ ሌላው ሳይነገረው ተከትሎ የሚመጣ ይመስለዋል። ነገር ግን በ፣ ከ፣ ወደ፣ እስከ የሚባሉት ትንንሽ ቃላት፣ ከነርሱም ጋር የሚውሉት ላይ፣ ታች፣ ውስጥ፣ ሥር፣ ፊት፣ ኋላ ባይኖሩ ንግግር ሁሉ ማገር እንደሌለው ቤት ይሆናል፤ እንጨቱ ቆሞ ግድግዳው አይያያዝም። ሊቃውንት ይህን ዐይነት ቃል መስተዋድድ ማለታቸው ስለዚህ ነው። መስተዋድድ ማለት የሚያዋድድ፣ አንዱን ቃል ካንዱ ቃል ጋር የሚያገጣጥም ማለት ነውና።

የመስተዋድድም ስሕተት እንደ መጠኑ ትንሽ ሆኖ አይቀርም። የመሬት ውል የሚጽፍ ሰው «ከወንዙ ወዲህ ያለው መሬት» ብሎ ቢጽፍና የቆመበትን ዳር ባይናገር፣ ሁለቱ ጎረቤቶች ከየዳራቸው ሆነው «ወዲህ» የሚለውን ለየራሳቸው ይተረጕሙታል፤ ካንድ ቃልም የብዙ ዘመን ጠብ ይወለዳል። በከተማ መንገድ የጠፋው ሕፃን በስልክ «የት ነህ?» ተብሎ ሲጠየቅ «ሱቁ ጋ» ብቻ ቢል የሚፈልገው ሰው ከሱቅ ሱቅ ሲዞር ይመሻል። «ከድልድዩ ወዲያ፣ ከሱቁ ፊት ለፊት ቆሜአለሁ» ማለት የሚያውቅ ልጅ ግን ሳይመሽ ወደ እናቱ ይመለሳል። እንግዲህ ይህ ትምህርት ለጌጥ የሚሰጥ አይደለምና አሰጣጡን መመርመር ይገባል።

ዛሬ ለሕፃናት በሚዘጋጁ የቋንቋ መጻሕፍት በብዙዎቹ ዘንድ የሚታየው መንገድ ከሞላ ጎደል አንድ ዐይነት ነው። ባንድ ገጽ ላይ ኳስና ሣጥን ተሥለው ይገኛሉ። በመጀመሪያው ሥዕል ኳሱ በሣጥኑ ውስጥ፣ በሁለተኛው በሣጥኑ ላይ፣ በሦስተኛው ከሣጥኑ ሥር፣ በአራተኛው ከሣጥኑ አጠገብ ነው። በየሥዕሉ ግርጌ «ውስጥ»፣ «ላይ»፣ «ሥር»፣ «አጠገብ» የሚል አንዳንድ ቃል ተጽፏል፤ በአንዳንዱም መጽሐፍ የእንግሊዝኛው ቃል ከጎኑ ተደርቧል። ልጁ ቃሉን ሰምቶ ሥዕሉን ያመለክታል፤ ሥዕሉን አይቶ ቃሉን ይጠራል፤ ትምህርቱም ተፈጸመ ይባላል።

የዚህ መንገድ በጎነት አይካድም። ሕፃን በዐይኑ ያየውን በጆሮው ብቻ ከሰማው ይልቅ ይይዛል። ትርጕም ሳይገባው የቃላት ዝርዝር በቃሉ ከሚያነበንብ ልጅ፣ ኳሱን አይቶ «ላይ» የሚለው ይሻላል። ነገር ግን በመንገዱ ውስጥ ሦስት ጕድለት አለ፤ ሦስቱም የሚመነጩት ያማርኛን መስተዋድድ በሌላ ቋንቋ መስፈሪያ ከመስፈር ነው።

የመጀመሪያው ጕድለት እኩሌታውን ሰጥቶ እኩሌታውን ማስቀረቱ ነው። ባማርኛ የቦታ ነገር በሁለት እጅ የሚያዝ ነው፤ አንዱ እጅ ከስሙ በፊት፣ ሁለተኛው ከስሙ በኋላ ይመጣል። «በሣጥኑ ውስጥ» ሲባል በ እና ውስጥ ሣጥኑን ከግራና ከቀኝ ይዘውታል። «ወደ ሣጥኑ ውስጥ»፣ «ከሣጥኑ ውስጥ»፣ «እስከ ሣጥኑ ውስጥ» ሲባል የኋለኛው ቃል ሳይለወጥ የፊተኛው ብቻ እየተለወጠ ነገሩን ሁሉ ይለውጠዋል። በንግግር የፊተኛው አንዳንድ ጊዜ ይዋጣል፤ «ሣጥኑ ውስጥ ነው» ማለት የተለመደ ነው። ልጁ ግን የሚዋጠውን ለይቶ የሚያውቀው አስቀድሞ ሙሉውን ከሰማ ነው። ከሥዕሉ ግርጌ «ውስጥ» የሚለውን ብቻ የተማረ ልጅ ቦታውን ለመጥራት ይችላል፤ ከዚያ መምጣትንና ወደዚያ መሄድን ለመናገር ሲፈልግ ግን እጁ ባዶ ነው።

በዚህ ላይ ደግሞ ከኋላ የሚመጡት ቃላት አብዛኞቹ በራሳቸው ስም መሆናቸው ተረስቷል። ፊት ማለት የሰው ፊት ነው። ጀርባም፣ ጎንም የአካል ስሞች ናቸው። ሥር የዛፍ ሥር ነው። ራስጌና ግርጌ ከራስና ከእግር የወጡ ናቸው። አማርኛ የዓለምን ቦታ የሚለካው በሰው አካልና በዛፍ ቁመና ነው ማለት ነው። ይህን የሚያህል ሀብት ያለው ቋንቋ ተማሪውን ከገዛ አካሉ ማስጀመር ሲችል ከካርቶን ሣጥን ያስጀምረዋል።

ሁለተኛው ጕድለት ከፊተኛው የሚከብድ ነው፤ ይኸውም መስተዋድድን ከግሡ መለየት ነው። ሥዕል የቆመን ነገር ያሳያል እንጂ የሚንቀሳቀሰውን አይናገርም። ያማርኛ መስተዋድድ ግን ትርጕሙን የሚጨርሰው ግሡ ሲደርስ ነው። «ከዛፉ ሥር ተቀመጠ» እና «ከዛፉ ሥር ተነሣ» የሚሉትን ሁለቱን ቃላት አንባቢ ይመርምር። ከ በሁለቱም አለ፤ ሥርም በሁለቱም አለ። በፊተኛው ግን ሰውየው ወደ ጥላው ገብቶ ዐርፏል፤ በሁለተኛው ጥላውን ትቶ ሄዷል። ከዚህም የባሰ አለ፤ «ከዛፉ ላይ ወጣ» የሚባለው ሰው ወደ ላይ ይሄዳል፤ «ከዛፉ ላይ ወረደ» የሚባለው ወደ ታች ይመጣል። «ከዛፉ ላይ» የሚለው ቃል በሁለቱም ያው ነው፤ ሽቅብና ቍልቍል የለየው ግሡ ብቻ ነው።

«ከ» ማለት መነሻን የሚያመለክት ነው ብሎ በእንግሊዝኛ አቻ ቃል የተማረ ልጅ «ከዛፉ ሥር ተቀመጠ» ሲባል ምን ይላል? ወይ እናቱ ተሳስታለች ይላል፤ ወይ መጽሐፉ ዋሽቷል ይላል። እናቱ ግን አልተሳሳተችም። ደግሞ በቀደሙት ጽሑፎችና በብዙ ባላገር አፍ ያለው «እ» በዚህ ዝርዝር ውስጥ ጭራሽ ቦታ አላገኘም። «እቤት አለ»፣ «እቤት ገባ»፣ «እዛፉ ሥር ተኛ» ሲባል «እ» አንድ ጊዜ መቀመጥን፣ አንድ ጊዜ መሄድን ያሳያል፤ የሚለየውም ያው ግሡ ነው። «በ»ም እንደዚሁ ነው፤ «በቤት ተቀመጠ» ሲባል ማደሪያ፣ «በመስኮት ገባ» ሲባል መተላለፊያ ይሆናል። ይባስ ብሎም «ቤት ገባ»፣ «ገበያ ሄደ»፣ «ቈላ ወረደ»፣ «ደጋ ወጣ» ሲባል ምንም መስተዋድድ ሳይኖር አቅጣጫው ይታወቃል፤ ግሡ አቅጣጫውን በሆዱ ይዞታልና።

ይህ ለቅኔ ቤት ሰው ዐዲስ ነገር አይደለም። በግዕዝ «ነበረ ውስተ ቤት» እና «ቦአ ውስተ ቤት» ቢባል ውስተ አንድ ሆኖ ሳለ ወዳማርኛ ሲመለስ የፊተኛው «በቤት ተቀመጠ»፣ የኋለኛው «ወደ ቤት ገባ» ይሆናል። አገባብ ዐቢይ፣ ንዑስ፣ ደቂቅ ተብሎ ተከፍሎ በሚሰጥበት ጉባኤ ተማሪው ትንሹን ቃል ከመፍታቱ በፊት ማሠሪያ አንቀጹን ይፈልጋል። ማሠሪያው ሳይታወቅ የተፈታ አገባብ በነፋስ ላይ የታሰረ ገመድ ነው።

ቋንቋ ሁሉ ቦታን ባንድ መንገድ አይከፍልም፤ ይህንም የውጭ ሊቃውንት መስክረዋል። ሶንጃ ቾይና ሜሊሳ ባወርማን እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1991 ዓ.ም. ባሳተሙት ጥናት የእንግሊዝኛንና የኮርያን ተናጋሪ ሕፃናት አነጻጽረዋል። እንግሊዝኛ «ውስጥ» እና «ላይ» ብሎ የሚለየውን የኮርያ ቋንቋ በሌላ መስፈሪያ ይከፍለዋል፤ ቀለበትን በጣት ማግባትንና ዕቃን በልኩ በተሠራ ማኅደር መክተትን፣ ሁለቱም ጥብቅ ብለው ስለሚገጥሙ፣ ባንድ ግሥ ይናገራቸዋል። ሕፃናቱም ገና አፋቸውን ሲፈቱ የየቋንቋቸውን አከፋፈል ይከተላሉ። እንግዲህ ያንዱን ቋንቋ ዝርዝር ወስዶ ለሌላው ቋንቋ ልጅ መስጠት፣ ያንዱን ሰው ጫማ ሳይለኩ ለሌላው እንደ ማጫማት ነው።

ሦስተኛው ጕድለት ፊት ያለውንና ፊት የሌለውን አለመለየት ነው። ሰው ፊት አለው፤ ፈረስ ፊት አለው፤ ቤትም በሩ ያለበት ፊቱ ነው። ዛፍ ግን ፊቱ ወዴት ነው? ኳስስ ጀርባው የት አለ? መጽሐፉ «ኳሱ ከሣጥኑ ፊት ነው» ሲል ፊት የሌለውን ሣጥን ባለ ፊት አድርጎታል፤ ልጁም ግራ ቢጋባ አይፈረድበትም። ጁዲት ጆንስተንና ዳን ስሎቢን እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1979 ዓ.ም. ባወጡት ጥናት፣ ከ2 ዓመት ጀምሮ 5 ዓመት ያልሞላቸውን የእንግሊዝኛ፣ የጣልያንኛ፣ የሰርቦ ክሮኤሽያና የቱርክ ቋንቋ ተናጋሪ ሕፃናት መርምረው ነበር። ያገኙትም ቅደም ተከተል በአራቱ ቋንቋዎች ተቀራራቢ ነው። ውስጥ፣ ላይ፣ ሥርና አጠገብ ይቀድማሉ፤ መካከል፣ እንዲሁም ፊት ያላቸው ነገሮች ፊትና ኋላ ይከተላሉ፤ ፊት የሌላቸው ነገሮች ፊትና ኋላ ግን ከሁሉ በኋላ ይመጣሉ። የልጁ አእምሮ ከቀላሉ ወደ ከባዱ በደረጃ ሲወጣ መጽሐፉ ሁሉን ባንድ ገጽ ይደረድርለታል።

አማርኛ ደግሞ ለዚህ ችግር መፍትሔ ያለው ቋንቋ ነው። ፊት ለሌለው ነገር «ወዲህ» እና «ወዲያ» አለለት። «ከዛፉ ወዲህ» ማለት በዛፉና በተናጋሪው መካከል ነው፤ «ከዛፉ ወዲያ» ማለት ከዛፉ አልፎ ነው። ፊቱን ከዛፉ ላይ መፈለግ ቀርቶ ተናጋሪው ራሱ መለኪያ ይሆናል። «ማዶ» የሚለውም ከዚሁ ወገን ነው። እነዚህ የመሰሉ ቃላት ግን ከውጭ በተቀዳው ዝርዝር ላይ አቻ ስላላገኙ ከመጽሐፉ ይጎድላሉ።

ከዚህ ሁሉ ነቀፋ የሰዋስው ሊቃውንት ነጻ ናቸው፤ የነርሱ ሥራ ሌላ ነውና። ብላታ መርስዔ ኀዘን ወልደ ቂርቆስ በሰዋስዋቸው ያማርኛን ቃል በ8 ክፍል መድበው መስተዋድድን አንዱ ክፍል አድርገውታል። ባዬ ይማም በ1987 ዓ.ም. ባሳተሙት ያማርኛ ሰዋስው ክፍሎቹን ወደ 5 ሲያወርዱ ተውላጠ ስምን ወደ ስም፣ መስተጻምርን ወደ መስተዋድድ አግብተዋል። ክፍሉ ከ8 ወደ 5 ሲወርድ እንኳ መስተዋድድ ቦታውን አለመልቀቁ የቃሉን ክብደት ያሳያል። ነገር ግን እነዚህ መጻሕፍት ቋንቋውን ለሚመረምር ሰው የተጻፉ ናቸው። ጥፋቱ የሚመጣው ለመርማሪ የተጻፈውን ስምና ክፍል ነቅሎ ለ6 ዓመት ልጅ «መስተዋድድ ምንድር ነው?» ብሎ መጠየቅ ሲጀመር ነው። ልጁ ትርጓሜውን በቃሉ ይመልሳል፤ ማሰሮውን ከወዴት እንዳመጣው ሲጠየቅ ግን በጣቱ ይጠቁማል።

የቀድሞውም ትምህርት ከነቀፋ አያመልጥም። በንባብ ቤት ሕፃኑ የግዕዙን ቃል ዜማውን ጠብቆ ያነባል፤ ውስተና ዲበ፣ ኀበና እምነ በአፉ ይመላለሳሉ፤ ትርጕማቸውን የሚያገኘው ግን ብዙ ዘመን ቆይቶ ቅኔ ቤት ከደረሰ ነው። ወደዚያ ሳይደርስ የቀረው ብዙ ነው። ሆኖም ያው ቤት ሳያስበው የሰጠው አንድ ብልሃት አለ፤ እርሱም የፊደል ገበታ ነው። ሕፃኑ ስንደዶውን ይዞ ፊደሉን አንድ ጊዜ ወደ ጎን፣ አንድ ጊዜ ቍልቍል እየቈጠረ ይሄዳል። «በ» «ቡ» ሲሆን ቅጥሉ ከቀኝ ወገቡ ይወጣል፤ «ቢ» ሲሆን ወደ እግሩ ግርጌ ይወርዳል፤ «ባ» ሲሆን ቀኝ እግሩ ከግራው ይረዝማል፤ «ቤ» ሲሆን በቀኝ እግሩ ሥር ቀለበት ይደረግለታል። ቀኝና ግራን፣ ላይና ታችን፣ ወገብና ግርጌን ያልለየ ልጅ ፊደል አይለይም። እንግዲህ የቦታን ነገር ለማስተማር የመጀመሪያው ሥዕል ፊደሉ ራሱ ነው፤ ብልህ መምህርም ቅጥሉ ከወዴት እንደ ወጣ ልጁን በቃል ያናግረዋል።

ከነቀፋ ቀጥሎ ምክር መስጠት ይገባልና፣ ትምህርቱ የሚቃናበት መንገድ ባጭሩ ይህ ነው። አማርኛ መስተዋድድን የሚያስተምሩ 5 ጥያቄዎች አሉት፤ የት? ከየት? ወዴት? በየት? እስከ የት? የነዚህ ጥያቄዎች ደግነት መልሱን በፊታቸው ይዘው መምጣታቸው ነው። ከየት የሚለው ከቤት ያሰኛል፤ ወዴት የሚለው ወደ ገበያ ያሰኛል፤ በየት የሚለው በድልድይ፣ እስከ የት የሚለው እስከ ወንዝ ያሰኛል። የት የሚለው ብቻ መነሻ ቃል ስለሌለው «በቤት» ወይም «ቤት» የሚለውን ለመላሹ ይተውለታል። ልጁ «ከ» ምን ማለት እንደ ሆነ ሳይነገረው ጥያቄውን ሰምቶ በትክክል ይመልሳል።

ጥያቄውም ሁልጊዜ ከግሥ ጋር ይሁን። «ድመቷ የት ነች?» ብሎ ከማቆም ይልቅ «ድመቷ ከወዴት ወጣች? በየት አለፈች? ወዴት ገባች? ከምን ሥር ተኛች?» ብሎ መጠየቅ ይሻላል። በዚህ ጊዜ ልጁ «ከጓዳ ወጣች፤ በበሩ አለፈች፤ ወደ ማድቤት ገባች፤ ከምድጃው አጠገብ ተኛች» ይላል። ባንዲት ድመት መንገድ አራት መስተዋድድ ከነግሣቸው ገቡለት። ሥዕልም ቢያስፈልግ አንድ የቆመ ሥዕል ከመሣል የድመቷን መንገድ ተከትለው የሚሄዱ አራት ሥዕሎች መሣል ይበልጣል።

ቅደም ተከተሉም ይጠበቅ። አስቀድሞ የልጁ የገዛ አካል፤ እጅህን ከራስህ ላይ አድርግ፣ ወደ ጀርባህ መልስ፣ ከጕልበትህ ሥር አሳልፍ እየተባለ። ቀጥሎ የቤት ዕቃ፤ ጀበናውን ከምድጃው ላይ አንሥተህ በማቶቱ ላይ አኑር፣ ስኒውን ወደ ረከቦቱ መልስ እየተባለ። እዚህ ላይ «ላይ» እና «በላይ» እንዲለዩ ማድረግ ይገባል፤ ስኒው በረከቦቱ ላይ ነው፣ መብራቱ ግን ከረከቦቱ በላይ ተሰቅሏል። ከዚያ በኋላ ፊት ያላቸው ነገሮች፣ በመጨረሻም ወዲህና ወዲያ ይምጡ። ለዚህም ሁለት ልጆችን በዛፍ ግራና ቀኝ አቁሞ ቦታ ማለዋወጥ ይበቃል፤ ላንዱ ወዲህ የነበረው ለሌላው ወዲያ መሆኑን ልጆቹ እየሳቁ ይረዱታል። ድብብቆሽም ራሱ ትልቅ ትምህርት ቤት ነው፤ ፈላጊው የተደበቀውን «ከበሩ ኋላ ነህ» ብሎ ቦታውን ሳይናገር እንዳይዘው ቢደረግ ጨዋታው ሳይበላሽ ትምህርት ይሆናል። የክፍሉ ስም «መስተዋድድ» መባሉ ልጁ ይህን ሁሉ በአፉ ካደረገው በኋላ ቢነገረው አይዘገይም።

ነገሩ ይበልጥ የሚያሠጋው በአሜሪካና በአውሮጳ ለሚያድጉ ያማርኛ ተናጋሪ ልጆች ነው። በዚያ ልጁ በትምህርት ቤት ቀኑን ሙሉ የሚሰማው ቋንቋ የቦታውን ቃል ከስሙ በፊት ያደርጋል፤ በቤትና በሰንበት ትምህርት ቤት የሚሰማው አማርኛ ደግሞ ከስሙ በኋላ ያደርጋል። እንዲህ ላለው ልጅ የእንግሊዝኛው ቃል የተደረበበትን ዝርዝር መስጠት የሚያድነው መስሎ የሚያሰጥመው ነው፤ ያማርኛውን ቃል በእንግሊዝኛው ሥርዓት እንዲደረድር ያስለምደዋልና። ለርሱ የሚበጀው አባትና እናቱ በቤት ውስጥ ሳይቸኵሉ ሙሉውን መናገራቸው ነው። «አምጣው» ብሎ በእጅ ከመጠቆም «ከጠረጴዛው ላይ አንሥተህ ወደ እኔ አምጣው» ማለት አንድ ትንፋሽ አይጨምርም፤ ለልጁ ግን አንድ ሙሉ ትምህርት ነው።

ሰዋስው ማለት በግዕዝ መሰላል ማለት መሆኑን ካህናትና የተማሩ ሰዎች ሁሉ ያውቃሉ። መሰላል የሚወጣው ከታችኛው ርብራብ ተጀምሮ ነው፤ በላይኛው ላይ የተጻፈውን ስም ሕፃኑን ማስቈጠር መውጣት አይደለም። የታችኛው ርብራብ በ፣ ከ፣ ወደ እና እስከ ናቸው። መምህራን የመጽሐፉን ገጽ ከመግለጣቸው በፊት ልጁን በእግሩ እንዲሄድ፣ በእጁ እንዲያነሣና እንዲያኖር፣ ያደረገውንም በአፉ እንዲናገር ያድርጉት፤ ወላጆችም ከየት መጣህ፣ ወዴት ትሄዳለህ ብለው ሲጠይቁ መልሱን ሙሉ አድርገው ይቀበሉት።